የጋሽ ተኽለ ሁለት ምስክርነቶች

ባለፈው ወር የምርጫ አስፈጻሚነት መታወቂያዬን ለከተማው ጽሕፈት ቤት መለስኩ። በአንገት የሚንጠለጠል ተራ ፕላስቲክ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ፎቶውን አየት አድርጋ «ወጣት ነበሩ እኮ» አለችኝ። ያን ፎቶ የተነሳሁት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው።

መልቀቄ ቅር አላሰኘኝም። ጉልበቴ ከንጋት እስከ ማታ መቆሙን እምቢ ካለኝ ቆይቷል። የወረቀት መዝገቡ ቀርቶ የመራጭ ስም በታብሌት መፈለግ ከተጀመረ ወዲህም ጣቴ ከስክሪኑ ጋር አልተግባባም። ልጄ «ማሚ፣ ኢናፍ» አለችኝ፤ እኔም ይበቃል አልኩ። ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ፣ ከሪችፊልድ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ምርጫ አስፈጽሜአለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ስሠራ እንደነበር የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ፣ ሳልረሳው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

የእንጀራዬ ሥራ ሌላ ነበር። ደሴ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ብዙ ዞሬ እዚህ አገር ገባሁና ብሉሚንግተን በሚገኝ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ አጠፍኩ። አንሶላ የሚታጠፈው እየተቆጠረ ነው። አሥር አሥሩን አንድ ክምር ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ ይቆጥረዋል። ይህ ልማድ በኋላ ጠቅሞኛል። ምርጫ በሚደረግበት ቀን ከሆቴሉ ፈቃድ እወስድ ነበር። ክፍያው የሚያወራለት አልነበረም፤ የሄድኩትም ለክፍያው አይደለም።

ወደ ሥራው ያስገባችኝ ማርጂ ናት። ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ ድምፅ ልሰጥ የሄድኩ ዕለት፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ከፊትም ከጀርባም ሁለት ጊዜ አንብቤ ስጨርስ፣ ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት መርጠው ሄደዋል። ልወጣ ስል ነጭ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴትዮ ጠራችኝ። የጣቢያው ኃላፊ ነበረች፤ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ያሳለፈች።

«እንዳንቺ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ሥልጠናው ላይ የሚሞላ ቅጽ ነበር። ከመስመሮቹ አንዱ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆንኩ ይጠይቃል። እኔ ያደግሁት እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ማስፈር ሰውን በሚያስበላበት ዘመን ነው። ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ማርጂ አየችኝና ወንበሯን አስጠጋች።

«አንቺን ለመሰለል አይደለም» አለች። «አንቺና እኔ አንድ ፓርቲ ከሆንን ሁለታችን ብቻችንን ሳጥኑን አንነካም። ከተለያየን ግን እንችላለን።»

ጻፍኩ። ተቃራኒ ሆነን ተገኘን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሳጥን የከፈትነው፣ ማኅተም የቆረጥነው፣ ወረቀት የቆጠርነው አብረን ነው። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሥራው በሩቁ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጎህ ሳይቀድ ገብተን ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ቆጣሪው ማሽን ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ረጅም ወረቀት ያወጣል፤ በእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ፊት ዜሮ መኖሩን ሁለት ሰው በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ይፈርማል። የሳጥኑ ማኅተም ቁጥር ከመዝገቡ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ማታ ደግሞ የፈረሙት መራጮች ብዛትና ማሽኑ ውስጥ የገባው ወረቀት ብዛት እኩል መሆን አለበት። አንድ ከጎደለ ማንም ቤቱ አይሄድም። አንድ ጊዜ አንዲት ወረቀት ጎድላብን ሰዓቱ ሲሄድ፣ ማርጂ ቆሻሻ መጣያዎቹን አንድ በአንድ አስገለበጠችን። በመጨረሻ ድምፅ መስጫው ጠረጴዛ ሥር ተጣጥፋ ተገኘች። አንድ ሰው ሐሳቡን ለውጦ፣ ሳይመርጥ ትቷት ሄዷል።

ማርጂ ሦስት ልማድ ነበራት። የመጀመሪያው፣ ሰው ሲከራከራት ሕጉን በቃሏ አትነግረውም። መጽሐፉን ትከፍትና ጣቷን በመስመሩ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ገጹን በልቧ ታውቀዋለች፤ ግን ታነበዋለች። «የከለከለችው ማርጂ ናት ብሎ እንዳይሄድ ነው» ትል ነበር። ሁለተኛው፣ ሰው ድምፅ በሚሰጥበት አቅጣጫ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቆመው፤ ሊያነጋግራት ቢፈልግ እንኳ ዞር የምትለው በጎኗ ነው። ሦስተኛው ደብተሯ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ነበረቻት፤ በየምርጫው ማታ ስህተት ትመዘግብባታለች፣ ሁልጊዜም ከራሷ ስህተት ትጀምራለች። በእርሳስ ነበር የምትጽፈው። ላጲስ ግን ይዛ አታውቅም።

የእኛ ሰዎች ሥራውን መጀመሪያ አልተረዱትም። እዚህ አገር የምርጫ አስፈጻሚን «ጃጅ» ስለሚሉት፣ ወሬው የእኛ ሰው የሚሰበሰብባቸው ስኔሊንግ አቨኒው ያሉት ምግብ ቤቶች ሲደርስ ጽጌ ዳኛ ሆነች ተባለ። አንድ የማላውቀው ልጅ ደውሎ «እትዬ፣ በፍጥነት ነድተሃል ተብዬ ስፒዲንግ ቲኬት አለብኝ፤ አንድ ነገር ቢሉልኝ» ብሎኛል። አንዲት እናት ደግሞ ድምፅ ሲሰጡ እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። ሕጉ በሚያዘው መሠረት እኔና ማርጂ ሁለታችንም አብረናቸው ገባን።

«አንቺ ከወደድሽው ስም ጎን ያለችውን ክብ አጥቁሪልኝ» አሉኝ።

«አይቻልም እማማ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ አጠቁራለሁ።»

«እኔ የት አውቃቸዋለሁ?»

«የማያውቁትን ባዶ መተው ይቻላል።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉና ተቆጥተው ሁለት ቦታ ብቻ አስጠቁረውኝ ወጡ። ማርጂ ምን እንዳሉ ጠይቃኝ ስነግራት፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

የሚኒሶታ ሕግ በምርጫው ዕለት መመዝገብን ይፈቅዳል። አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው ቢመጣ፣ በዚያው ጣቢያ የተመዘገበ መራጭ «እዚህ እንደሚኖር እኔ ራሴ አውቃለሁ» ብሎ ምሎ ከፈረመለት ይመዘገባል። ጥሩ ሕግ ነው። የእኛ ሰው የቤት ውሉ በዘመድ ስም፣ የመብራት ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው ግን «እኔ ራሴ አውቃለሁ» በሚለው ላይ ነው።

ከጣቢያችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ጋሽ ተኽለ ይኖራሉ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ የተማሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር። እዚህ በመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በሕንፃው ውስጥ ሐዘን ሲኖር ቀድመው የሚደርሱት፣ የሰው ቅጽ የሚሞሉት፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ። ኤርትራዊው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሁሉም «ጋሽ ተኽለ ይቁሙልኝ» ይላል። እምቢ ማለት አያውቁም።

በአንድ ምርጫ ዕለት እሳቸው ድምፅ ሰጥተው ሊወጡ ሲሉ፣ አንድ ባልና ሚስት በሩ ላይ አገኟቸውና ወደ ጠረጴዛዬ መለሷቸው። አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። ከኋላ ሰው ተሰልፏል። ጋሽ ተኽለ ብዕሩን አነሱና ወደ ሴትየዋ ዘንበል ብለው በአማርኛ፣

«ስምሽ ማን ነበር ልጄ?» አሏት።

ነገረቻቸው።

«የስንተኛው ፎቅ ናችሁ?»

«ሁለተኛ» አለች፣ ባሏን አየት አድርጋ።

ጋሽ ተኽለ ቀና ብለው አዩኝ። ከጎኔ ያሉት አስፈጻሚዎች አማርኛ አይሰሙም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስሟን የማያውቁትን ሰው ጎረቤቴ ናት ብለው ሊምሉ ነው። «ጋሼ፣ የማያውቋቸው ከሆነ አይፈርሙ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያን የተከበሩ ሽማግሌ? ይሉኝታ ያዘኝ። ዐይኔን ወደ ወረቀቱ ጣልኩ። እሳቸውም ፈረሙ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አድራሻ ለማረጋገጥ የተላከው ፖስታ ካርድ «እዚህ የሉም» ተብሎ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ዜጎች ናቸው፣ የመምረጥ መብትም አላቸው። ግን የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ፣ በሌላ ጣቢያ ነበር። በሕንፃው የሚኖረው ዘመዳቸው ነው። መንገድ መሻገር ለውጥ ያመጣል ብለው አላሰቡም። ለጋሽ ተኽለ ከዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ መጣላቸው። ሱፋቸውን ለብሰው ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሄዱ፤ ያደረጉትን እንዳለ ተናገሩ፤ ይህንኑ የሚገልጽ የመዝጊያ ደብዳቤ ተጽፎላቸው ክስ ሳይመሠረት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም ቅጽ አልሞሉም። ድምፅ መስጠትም ተዉ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ እንኳ አልተቆጡኝም።

«አንቺስ ምን ታደርጊ» አሉኝ። «ሰው ፊት ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለማርጂ ነገርኳት። ሰማያዊውን ደብተር ከነእርሳሱ አውጥታ «ጻፊው» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«የሰማሽውንና ያደረግሽውን። ሌላውን ተይው።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መስካሪው ሰዎቹን እንደማያውቃቸው ሰማሁ። ዝም አልኩ።» በማግስቱ አብራኝ ወደ ከተማው ጸሐፊ ሄደች፤ ያንኑ ደገምኩላቸው። አንድ ምርጫ እንዳርፍ ተደረገ። ትክክል ነበር። ስመለስ ማርጂ በዚያው ጠረጴዛ አስቀመጠችኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐይኗ ሲደክም ዱሉዝ ካለችው ልጇ ዘንድ ሄደች። ደብተሩን ተወችልኝ፤ የጣቢያው ኃላፊነትም ለእኔ ሆነ።

ከዚያ ግራጫ ቆብ የሚያደርጉ ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ የምርጫ ጠባቂዎች ነን ይላሉ። ቀስ በቀስ በየበሩ በራሪ ወረቀት መበተን ጀመሩ። ወረቀቱ ላይ የጋሽ ተኽለ ሕንፃ ፎቶ አለ። «እዚህ የውሸት ድምፅ ይመረታል» ይላል። ከሥሩ የዚያ የድሮው የመዝጊያ ደብዳቤ ቅጂ፤ ከየት እንዳገኙት አላውቅም። የመጨረሻው መስመር በሕንፃው የሚኖሩት «እነዚህ ሰዎች» በሙሉ ከመራጮች መዝገብ እንዲሰረዙ ይጠይቃል። የጋሽ ተኽለን ስም በግልጽ ጽፈውታል። እኔ በዝምታዬ ያሳለፍኩት ፊርማ ነው በእጃቸው የገባው።

በዚያው ወረቀት ላይ የሚደግፉት ሰው ስምም ነበር፤ የከተማው ምክር ቤት አባላችን ሚስተር ሊንድ። የቧንቧና የሚስማር ሱቅ ያለው፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው። በሕንፃው ያሉት አይወዱትም ነበር፣ ምክንያቱም በራቸው ላይ የነበረውን የአውቶቡስ ማቆሚያ ያስነሳው እሱ ነው።

ከምርጫው ሦስት ወር በፊት ነዋሪዎቹ በሕንፃው የስብሰባ ክፍል ተሰበሰቡ። የከተማው ጸሐፊ ሕጉን እንዳስረዳ ላኩኝ። እያስረዳሁ ሳለ ሚስተር ሊንድ በራሪ ወረቀቱን ይዞ ገባ። ማንም አልጠራውም።

«ይህ ውሸት ነው» አለ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «ስሜን ከዚህ ላይ አውጡ ብያቸዋለሁ። ለጋዜጣውም ጽፌአለሁ። ድምፃችሁን ልለምን አልመጣሁም።»

ለምለም የምትባል፣ አፏ ላይ የመጣውን የማታስቀር ሴት ከኋላ ተነሳች። «የአውቶቡሱን ነገር ሳትናገር እንዳትወጣ!»

ሳቅ ሆነ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። «በአውቶቡሱ እንጣላለን» አላት። «ግን ከእኔ ጋር ለመጣላት መዝገቡ ላይ መኖር አለብሽ።»

ባለ ቆቦቹ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ሰው አወዳደሩበት። በሱቁ በር ላይ ቀለም ደፉበት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት አየሁት፤ በባልዲ ውኃ እየፈተገ ነበር። ሱቁ ግን ክፍት ነው።

በዚያ ስብሰባ ሚስተር ሊንድ ከወጣ በኋላ ነዋሪዎቹ ተከራከሩ። አንዳንዶቹ በፖስታ ልከን ቤታችን እንቀመጥ አሉ። ለምለም ናት የተቃወመችው።

«እንደ ሌባ ተደብቀን? እኔ በእግሬ ነው የምሄደው። ፀጉሬንም እሠራለሁ። ፎቶ ካነሱኝ አይቀር!»

ጋሽ ተኽለ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «እናንተ ሂዱ» አሉ። «እኔ አንድ ጊዜ ስሜን አበላሽቻለሁ። ከእናንተ ጋር ከታየሁ ለእነሱ ምክንያት እሆናለሁ።» እኔም አስፈጻሚ ነኝና ሰውን ምረጥ ወይም አትምረጥ ማለት አልችልም። ሕጉን ብቻ አስረድቼ ወጣሁ።

የምርጫው ዕለት ውርጭ ነበር። ባለ ቆቦቹ ሕጉ ከሚፈቅደው ርቀት ውጭ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ካሜራ ይዘው ቆመዋል። የሕንፃው ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው በፊታቸው አለፉ። ለምለም ፀጉሯን ተሠርታ፣ ካሜራው ፊት ቆም ብላ ሻርፗን አስተካክላ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ የእነሱ ተወዳዳሪ የላከው፣ በመራጮች ላይ ተቃውሞ የሚያቀርብ አንድ ሰው ነበር። ይህ በሕግ ይፈቀዳል። ሰውዬው የውክልና ደብዳቤውን አሳየኝ፤ አነበብኩ፤ ትክክል ነው። ንጹሕ የለበሰ፣ መቀመጫ ትራስ ከቤቱ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ወንበሩን አሳየሁት። አምስተኛው መራጭ ላይ እጁን አነሳ።

«ይህ ሰው እዚህ የሚኖር አይመስለኝም።»

መጽሐፉን ከፈትኩ። ጣቴን በመስመሩ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ተቃውሞ በራስ እውቀት ላይ መመሥረት አለበት፤ መጠርጠር አይበቃም፤ በጽሑፍና በመሐላ መሆን አለበት።

«ያውቁታል?» አልኩት።

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

እስከ እኩለ ቀን ስምንት ጊዜ እጁን አነሳ። ስምንት ጊዜ ያንኑ መስመር አነበብኩ። በስተኋላ ላይ ገጹ በራሱ መከፈት ጀመረ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ተኽለ ገቡ። ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል፤ ክራቫትም አስረዋል። በካሜራዎቹ መሐል ብቻቸውን ነው ያለፉት። ሰልፉ ያውቃቸዋልና መንገድ ለቀቀላቸው። ሰውዬው ከቦርሳው የዚያን ደብዳቤ ቅጂ አወጣ።

«ይኼንን አውቀዋለሁ» አለ። «በምርጫ ማጭበርበር የተፈረደበት ነው። መብት የለውም።» ቅጹን ጠየቀኝ፤ ራሴ አውቃለሁ ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ከፈረመ ሕጉ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፤ መራጩን አስምዬ መጠየቅ። «ጋሼ» ብዬ ልጀምር አሰኘኝ፤ ተውኩት። ለሌላው ሰው እንደማደርገው በእንግሊዝኛ አስማልኳቸው። አድራሻቸውን ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ዜጋ መሆናቸውን ጠየቅኳቸው፤ አዎ አሉ።

«ፍርድ ቤት የመምረጥ መብትዎን ወስዶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አሉ። ከዚያ ያልጠየቅኳቸውን ጨመሩ። ወደ ሰውዬው ዞረው፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ «ለማላውቃቸው ሰዎች ፈርሜ ነበር። ስህተት ነው። ተጠየቅሁ፣ እውነቱን ተናገርኩ። ያ ወረቀት ይህንንም ይላል፤ ታች ነው፣ አንብበው» አሉት።

ሰውዬው ወረቀቱን አየ። አላነበበውም። ለጋሽ ተኽለ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሰጠኋቸውና ጀርባዬን አዞርኩ።

ነገሩ እዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ተኽለ ወረቀታቸውን ማሽኑ ውስጥ አስገብተው «መረጥኩ» የሚለውን ቀይ ስቲከር ኮታቸው ላይ ሲለጥፉ፣ አንዲት የሥራ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት እየሮጠች ገባች። ጫልቱ ትባላለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ። ወደ ሕንፃው ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። መንጃ ፈቃዷ የድሮውን አድራሻ ይላል፤ አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ አንድም ወረቀት የላትም።

«ፈረቃዬ ሊጀምር ነው፤ ተመልሼ መምጣት አልችልም» አለችኝ። ዞር ስትል ጋሽ ተኽለን አየች። «አባባ! እርስዎ የሕንፃው አይደሉ? ሊፍት ውስጥ አይቼዎታለሁ። ይመስክሩልኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሰውዬው ከትራሱ ተነሳ። ምን እየተባለ እንደሆነ ባይሰማም ምን እንደሚጠበቅ ገብቶታል። ጋሽ ተኽለ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ብዕሩ እዚያው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ዐይኔን የትም አልወሰድኩም።

«አላውቅሽም ልጄ» አሏት።

«ኧረ ጋሼ!» አለ አንዱ ከሰልፉ።

«የአገር ልጅ አይደለችም እንዴ? ደግሞ እዚያው ነው የምትኖረው» አለች ጎረቤት በመኪና አድርሳ በሩ ላይ የቆመችው ለምለም።

«ትኖር ይሆናል። እኔ ግን አላውቅም» አሉ ጋሽ ተኽለ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የማላውቀውን አልፈርምም። የሚያውቅሽ ሰው እስኪመጣ ግን አብሬሽ እቆማለሁ። ጎረቤትሽ ማን ነው?»

ጫልቱ ዕንባዋ መጥቶ ነበር። «አንዲት ነጭ አሮጊት ናት። ግድግዳ የምትደበድብብኝ።»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሰው ሳቀ። ለምለም የመኪና ቁልፏን አወጣች። «በር ቁጥሯን ንገሪኝ፤ ድራይቭ አድርጌ አመጣታለሁ።»

ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ጋሽ ተኽለ አልተቀመጡም። ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ሰው፣ ከማያውቋት ሴት ጎን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ጫልቱ ለመሥሪያ ቤቷ ደወለች፤ በኦሮምኛም ለአንድ ሰው ደወለች። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ለምለም፣ ከላይ ካፖርት የደረበች፣ ከሥር የቤት ጫማ ያደረገች ሴትዮ ይዛ ገባች። ዶሪስ ትባላለች። የዚያው ጣቢያ መራጭ ናት፤ መዝገቡ ላይ አገኘኋት።

መሐላውን አነበብኩላትና «ይህች ሴት እዚያ እንደምትኖር ራስዎ ያውቃሉ?» አልኳት።

«አውቃታለሁ ወይ?» አለች ዶሪስ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሶፋ ስትጎትት የምሰማት እሷን አይደለም እንዴ! አንድ ቦታ አስቀምጪው በሏት።» ብዕሩን ነጥቃኝ ፈረመች። ከዚያ ወደ ተቃውሞ አቅራቢው ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና «አንተስ የት ነው የምትኖረው?» አለችው። ሰውዬው ተቀመጠ።

ጫልቱ መረጠች። እየሮጠች ወጣች።

ማታ የፈረሙትና የተቆጠሩት እኩል መጡ። ሚስተር ሊንድ ወንበሩን ያዘ፤ የባለ ቆቦቹ ሰው በሰፊው ተሸነፈ። በእጅ ይቆጠር ብለው ጠየቁ። በእጅ ተቆጠረ፣ ያው ሆነ። እኔ ለማን እንደመረጥኩ ጽፌ አላውቅም፤ እዚህም አልጽፍም። የአውቶቡስ ማቆሚያው ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ለምለም በየምክር ቤቱ ስብሰባ እየሄደች ከእሱ ጋር ትጣላለች። ጫልቱ በቀጣዩ ዓመት የአስፈጻሚነት ሥልጠና ወሰደች። ደብተሩን የሰጠኋት ለእሷ ነው፤ የእኔን ገጽ መጀመሪያ እንድታነብ ነግሬአታለሁ።

በዚያ ቀን ዶሪስ ከፈረመች በኋላ ጋሽ ተኽለ ኮታቸውን ቆልፈው ሊወጡ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ነበርና ብዙ አልቆዩም።

«ጽጌ፣ ያን ጊዜ እኮ እንድትከለክዪኝ ነበር ያየሁሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ዛሬ ግን ዐይንሽን ከእኔ ላይ አልነቀልሽም።» ስቲከራቸውን በመዳፋቸው ጫን አደረጉትና ውርጩ ውስጥ ወጡ።

ቀጣዩን መራጭ ስሙን ጠየቅሁት።